የሕፃናት ነጣቂዋ ሴት፦ ውርዝልያ፣ ሾተላይና የደም ጠጪ ልብወለዶች



በቅርቡ በክፍል ውስጥ ስለ ድራኩላ ስንወያይ አንዲት ተማሪ «እኛ ዘንድ ደም የሚጠጣ የለም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም በችኮላ «ቡዳ አለ» ብዬ አለፍኩ። የዛሬው ንግግሬ ያንን መልስ ለማረም የታሰበ ነው።

ቡዳ ለንጽጽር የሚመች ይመስላል፤ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ዓይኑን በመልከ መልካም ላይ ይጥላል ይባላል። ሆኖም የቡዳ ክስ በዋናነት የሙያ ንቀት ታሪክ ነው። ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ከጋብቻና ከማዕድ ያራቀ ክስ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱትም ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው። የጾታን ጥያቄ ለሚያነሣ ሰው ግን የተሻለው ምስክር በብራና ክታቦች ውስጥ የምትኖረው ውርዝልያ ናት።

ሱስንዮስ ሚስት አግብቶ ልጅ ይወልዳል። ውርዝልያ ወደ ቤቱ ትገባለች፤ ሕፃኑ ይሞታል። አባትየው ጦሩን ይዞ በፈረስ ይከተላታል፤ በመንገድ ያገኛትን አሮጊት ይጠይቃል፤ በመጨረሻም ውርዝልያን በአትክልት ቦታ በአጋንንት ተከብባ ያገኛትና ጎኗን በጦር ይወጋታል። እርሷም ስሙ ወደሚጠራበት ስፍራ ላትደርስ ትምላለች። በአንዳንዱ ቅጂ የገዛ እኅቱ ናት። ታሪኩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ግሪኮችም ሲሲንዮስንና ሕፃን ገዳይዋን ጊሎን ያውቃሉ።

አሁን ወደ አውሮፓ ልብወለድ እንሻገር። ሸሪዳን ለ ፋኑ እ.ኤ.አ. በ1872 ባሳተመው «ካርሚላ» ደም ጠጪዋም ሰለባዋም ሴቶች ናቸው፤ የሚያሳድዷትና የሚገድሏት ግን ወንዶች ናቸው። በብራም ስቶከር «ድራኩላ» (እ.ኤ.አ. 1897) ደግሞ ሉሲ የተባለችው ወጣት ደም ጠጪ ከሆነች በኋላ የምታድነው ሕፃናትን ነው። ችካሉን በልቧ ላይ የሚተክለውም ሊያገባት የነበረው እጮኛዋ ነው። ሃያሲዎች በዚህ ትዕይንት ውስጥ የፍትወት ፍርሃትን አይተዋል፤ ተሳስተዋል አልልም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከሱስንዮስ ጦር ጋር ያለው መመሳሰል ነው። እናት ልትሆን የሚገባት ሴት ሕፃን ታጠፋለች፤ የቅርብ ዘመዷ ወይም ወዳጇ የሆነ ወንድ በሹል ነገር ይወጋታል፤ ሥርዓት ይመለሳል።

ልዩነቱ ልብወለዱ ለመዝናናት ሲነበብ ክታቡ በአካል ላይ መታሰሩ ነው። ብዙ ጊዜ የብራናው ርዝመት በባለቤቱ ቁመት ይለካል፤ የክርስትና ስም ይገባበታል፤ የውርዝልያ ጸሎት ባለበት ክታብ ላይ ያ ስም አዘውትሮ የሴት ነው። እንግዲህ በትረካው ውስጥ ጀግናው ወንድ ነው፤ ትረካውን በአንገቷ ይዛ የምትዞረው ግን ልጇ የሞተባት ሴት ናት። ሐዘኗ ጠላት ሲፈለግለትም የተሰጠው የሴት ፊት ነው።

በእነዚሁ ክታቦች ከውርዝልያ ጎን ሾተላይ ይጠራል። ይህን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ግን ከብራና አይደለም፤ ቆቦ ሳድግ ከጎረቤታችን ደጅ ነው። የጎረቤታችን የመጀመሪያ ልጅ አደገ፤ ከዚያ በኋላ የተወለዱት ሦስቱ በተወለዱ በቀናት ውስጥ ሞቱ። ሰፈሩ «ሾተላይ አለባት» አለ። ግሡን አስተውሉ፤ «አለባቸው» ያለ ሰው አልነበረም። ባሏ ፈትቷት ሌላ አገባ፤ ከአዲሲቱ ሚስት የወለዳቸው ልጆች በሙሉ ሲያድጉ ፍርዱ ተረጋገጠ ተባለ።

ላንድስታይነርና ዊነር የአር ኤች የደም ዓይነትን እ.ኤ.አ. በ1940 ይፋ አደረጉ። እናቲቱ አር ኤች ኔጌቲቭ፣ አባትየው ፖዘቲቭ ሲሆኑ ፅንሱ የአባቱን ዓይነት ሊወርስ ይችላል። በወሊድ ጊዜ የሕፃኑ ደም ከእናቱ ደም ጋር ሲቀላቀል ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያዘጋጃል፤ የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ አደጋው በተከታዮቹ ላይ ይወድቃል። ይህን የሚከላከለው የአንቲ ዲ መርፌ እ.ኤ.አ. በ1968 ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ በአገራችን ሐኪሞች ለእናቶች ሲያስረዱ ይህንኑ ችግር «ሾተላይ» ይሉታል። የጋኔን ስም የደም አለመጣጣም ስም ሆነ፤ በቋንቋችን ታሪክ እንዲህ ያለ ሽግግር ብዙ አላየሁም።

በእርግጥ ሾተላይ የተባለ ሞት ሁሉ በዚህ አይፈታም። የራያ ቆላ የወባ አገር ነው፤ የአራስ ሕፃን መንጋጋ ቆልፍም ብዙ ልጅ ፈጅቷል። ጎረቤታችንም አልተመረመረችም። ነገር ግን የሰፈሩ ማስረጃ በአር ኤች ሕግ ሲመዘን ተገልብጦ ይነበባል፤ ሁለተኛይቱ ሚስት ፖዘቲቭ ብትሆን ልጆቿ በዚህ ምክንያት አይሞቱም ነበር፤ የመጀመሪያይቱም ኔጌቲቭ ወንድ ብታገባ እንደዚያው። ችግሩ የሚኖረው በሁለቱ መካከል ነው፤ «አለባት» የሚለው ግሥ ግን ይህን ለመሸከም አልተሠራም።

ጎረቤታችን በቆዳ የተሰፋ ክታብ በአንገቷ ታስር ነበር። ካረፈች በኋላ ልጇ ሲያስነብበው አብሬው ነበርኩ። የእርሷ የክርስትና ስም ከአምስት ቦታ በላይ ተጽፏል። የባሏ ስም የለበትም፤ እርሱም ክታብ አላሰረም፤ እሰር ያለውም አልነበረም።