ደንብ ለማን ይጠቅማል? ለአንዲት የድሮ ተማሪዬ የዘገየ መልስ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ቡናችሁን ቀድታችሁ ቁጭ በሉና አንብቡት። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ባለፈው ሳምንት ከብዙ ዓመት በፊት ያስተማርኳት አንዲት ልጅ በሜሴንጀር ጻፈችልኝ። "ልጅ" እላታለሁ እንጂ ዛሬ አሜሪካ የምትኖር፣ ሃይስኩል የደረሰች ሴት ልጅ ያላት እናት ናት። ልጇ ለትምህርት ቤት ስለ አንዲት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚ ጽሑፍ እያዘጋጀች ነበርና "ማሚ፣ ኒዮክላሲሲዝም ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀቻት። እናት ደግሞ እኔ ያስተማርኳትን መለሰችላት፦ ደንብ፣ ሥርዓት፣ ልክ፣ የግሪክና የሮም ኩረጃ። ከዚያ መልእክቷ እንዲህ ይቀጥላል፦ "ቲቸር፣ ያን ጊዜ ቤት እየመታሁ የጻፍኩትን ግጥም ባሳይዎት 'ይሄ ያረጀ ነገር ነው፣ ደንቡን ጣይና ስሜትሽን ጻፊ' ብለውኝ ነበር። እኔኮ ስሜቴን ማውጣት የቻልኩት ደንቡ ሲይዘኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልጻፍኩም።"

በቅሬታ አልነበረም የጻፈችው፤ እንደ ጨዋታ አንስታው ነው ያለፈችው። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያ ሰሌዳዬ ትዝ ይላችኋል አይደል? መሃሉን በጠመኔ እከፍለውና በግራ "ኒዮክላሲክ"፣ በቀኝ "ሮማንቲክ" ብዬ እጽፋለሁ። ግራው ጭንቅላት፣ ቀኙ ልብ። ግራው ደንብ፣ ቀኙ ነፃነት። ለፈተና እንዴት ይመቻል! ግን ቢያንስ ግማሹ ስህተት ነው። ስለዚህ ዛሬ ያንን ሰሌዳ አጥፍቼ እንደገና ላስተምር።

ታሪኩን ከአንድ አዳራሽ እንጀምር። ለንደን ውስጥ፣ ዋይትሆል በሚባለው ጎዳና፣ ባንኬቲንግ ሀውስ የሚባል ሕንፃ ዛሬም ቆሞ አለ። ኢኒጎ ጆንስ የተባለው አርክቴክት ጣልያን ሄዶ የፓላዲዮን ሥራዎችና የሮምን ፍርስራሽ አጥንቶ ተመልሶ በ1622 የጨረሰው ነው። ዓምዶቹ እኩል የተደረደሩ፣ መስኮቶቹ በልክ የተራራቁ፤ የእንጨት ቤቶች በተደጋገፉባት በዚያን ጊዜዋ ለንደን እንግዳ ነገር ነበር። በጥር 1649 ደግሞ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በዚሁ አዳራሽ በኩል ወጥቶ፣ ከፊት ለፊቱ በተሠራ መድረክ ላይ አንገቱ ተቆረጠ። ጣሪያው ላይ ሩበንስ የሣለው ሥዕል የንጉሡን አባት በክብር ወደ ሰማይ ሲያርግ ያሳያል። ልጁ በዚያ ሥዕል ሥር አልፎ ነው ወደ መጥረቢያው የሄደው።

የዚያ ዘመን እንግሊዛዊ ያየውን ልብ በሉ። በ1642 የእርስ በርስ ጦርነት ተጀመረ፤ ቲያትር ቤቶች በአዋጅ ተዘጉ። ንጉሥ ተገደለ። በ1660 ልጁ ዳግማዊ ቻርልስ ከስደት ተመልሶ ዘውዱን ጫነ። አምስት ዓመት ሳይቆይ ወረርሽኙ መጣ፤ በዓመቱ በ1666 ለንደን ተቃጠለች። ከ13,000 በላይ ቤቶችና 87 አብያተ ክርስቲያናት አመድ ሆኑ። ይህን ያየ ትውልድ "ስሜትህን ተከተል" ቢባል ምን ይላል? ስሜትንማ ጠግቦታል! "እግዚአብሔር ለእኔ ብቻ ነገረኝ" ያለ ሁሉ ሰይፍ ሲመዝ አይቷል። ሥርዓት የናፈቁት እሳት ስላዩ ነው። ክሪስቶፈር ሬን በዚያ አመድ ላይ የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራል በጉልላትና በዓምድ ሲሠራ፣ ጆን ድራይደን በግጥምና በቲያትር ስለ ሚዛንና ስለ ልክ ሲጽፍ፣ ሁለቱም የፈረሰ ነገር እየጠገኑ ነበር። ይህን ነው እኔ "ቀዝቃዛ" ብዬ ያስተማርኳችሁ።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ደግሞ የኛው ነው፤ ቡና። ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው ቡና ቤት በ1652 ተከፈተ፤ ቡናው የሚመጣው በየመን በኩል ዞሮ ነው። አንድ ፔኒ የከፈለ ገብቶ ይቀመጣል፣ ጋዜጣ ያነባል፣ ይከራከራል። በ1695 የቅድመ ኅትመት ፈቃድ ሕጉ ሳይታደስ ቀረና ማተሚያ ቤቱ በረከተ። በ1711 አዲሰንና ስቲል "ስፔክቴተር" የሚባለውን ዕለታዊ ጽሑፍ ጀመሩ፤ አዲሰን ራሱ በቀን 3,000 ቅጂ እንደሚሸጥ ጽፏል። ግልጽ፣ ጨዋ፣ ለሁሉም የሚገባ እንግሊዝኛ የጸናው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሴቶች ቡና ቤቱ ውስጥ እንደ ወንዱ ቁጭ ብለው አይከራከሩም ነበር፤ ጽሑፉን ግን ቤታቸው ያነቡት ነበር።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ።

አሌክሳንደር ፖፕ በ1688 ተወለደ። ቤተሰቦቹ ካቶሊኮች ነበሩ፤ ስለዚህ በጊዜው ሕግ ዩኒቨርሲቲ መግባት አይችልም፣ የመንግሥት ሥራ አይዝም። በልጅነቱ የአከርካሪ ነቀርሳ ይዞት ጀርባው ጎበጠ፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ከአርባ እንኳ አልሞላም። ጠላቶቹ በጀርባው ሲሳለቁበት ኖሩ። ይህ ሰው ምን ነበረው? ደንቡ ነበረው። አሥር አሥር ቀለም ያለው መስመር፣ ሁለት ሁለቱ ቤት የሚመታ። ያንን በልጅነቱ ብቻውን ተቀምጦ ተማረው፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ስለ ሒስ ጥበብ የጻፈው ረጅም ግጥም ታተመ። የሆሜርን ኢሊያድ ከ1715 እስከ 1720 በስድስት ቅጽ ተርጉሞ፣ አንባቢዎች ቀድመው እየከፈሉለት፣ ወደ 5,000 ፓውንድ ገደማ አገኘ። በዚያ ዘመን ይህ የማይታመን ሀብት ነው። የጌታ ደጅ ሳይጠና በብዕሩ ቤት የሠራ ደራሲ እሱ ነው። መልአክ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ኦዲሲን ሲተረጉም ግማሹን ሁለት ረዳቶቹ ሠርተውለት ሳለ ድርሻቸውን ደብቋል።

ኩረጃ ስላልኩት ነገርም ልታረም። አንድ ሎርድ ከአንዲት ወጣት እመቤት ጠጉር ላይ አንዲት ዘለላ ሰርቆ ቢቆርጥ ሁለት ቤተሰብ ተኳረፈ። ፖፕ ይህችን ተራ ጠብ ወስዶ እንደ ትሮይ ጦርነት አድርጎ ጻፋት፤ መናፍስቱ፣ የጦር ትጥቁ፣ ዐውደ ውጊያው ሁሉ አለ፤ የሚዋጉት ግን በካርታ ጨዋታና በማራገቢያ ነው። ሆሜርን የማያውቅ አይስቅም። የሚያውቅ ግን በዘመኑ ትልልቅ ሰዎች ትንንሽነት ይስቃል። ኩረጃ የሌላውን ሥራ መደበቂያ ያደርጋል፤ ፖፕ ደግሞ ሁሉም የሚያውቀውን መለኪያ አደባባይ አውጥቶ ዘመኑን ለካበት። ለእናንተ ይህን ልዩነት ሳልነግራችሁ ነው ያስመረቅኳችሁ።

ሁለተኛው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። የመጽሐፍ ነጋዴ ልጅ፤ ኦክስፎርድ ገብቶ በገንዘብ እጦት አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ የወጣ። እዚህ ላይ የኛ አገር ነገር ይገባል። ጆንሰን በ1735 ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን አገራችን የነበረው የፖርቱጋሉ ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ የጻፈው የጉዞ ታሪክ ትርጉም ነው። ከፈረንሳይኛ የመለሰው ሲሆን የተከፈለው አምስት ጊኒ ነበር። በመቅድሙ ላይ ያሰፈረው ሐሳብ ግን ከዋጋው በላይ ነው፦ አንባቢ እዚህ ፍጹም አውሬም ፍጹም መልአክም የሆነ ሕዝብ አያገኝም፤ የሰው ተፈጥሮ ባለበት ሁሉ በጎነትና ክፋት ተቀላቅለው ይኖራሉ፤ ፍላጎትና አእምሮ ይታገላሉ፤ ይላል።

በጥር 1759 እናቱ ሞቱ። ለቀብራቸውና ለተረፈ ዕዳቸው ገንዘብ ቸገረውና በአንድ ሳምንት ምሽቶች ውስጥ ራስላስን ጽፎ በ100 ፓውንድ ሸጠው። ስሙ ከሎቦ መጽሐፍ ካገኘው ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ የመጣ እንደሆነ ይታመናል። ልዑላን አምባ ላይ ይታገቱ የነበረበት ልማድ በሱ እጅ "የደስታ ሸለቆ" ሆነ። ልዑሉ ሁሉ ነገር በሞላበት ሸለቆ ሰለቸውና ከእህቱና ኢምላክ ከሚባል ሊቅ ጋር አምልጦ፣ ካይሮ ድረስ እየዞረ ማን ደስተኛ እንደሆነ ይፈልጋል። መጽሐፉን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶልናል።

ክፍል ውስጥ ስናነበው ከኋላ አንዱ "ቲቸር፣ ይሄ ኢትዮጵያዊ ሽሮ እንኳ አይበላም!" ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ልክ ነበር። ኢምላክ ራሱ ገጣሚ የአበባውን ቅጠል መስመር ቁጭ ብሎ አይቆጥርም፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን አጠቃላይ መልክ ነው የሚያሳየው ይላል። ስለዚህ ራስላስ ውስጥ ጤፍም ማኅሌትም አታገኙም። እኔም ይህንኑ ድክመት አድርጌ አስተማርኩና አለፍኩ። ያላልኩት ሌላው ፊቱ ነው። በ1759 የባሪያ ንግድ መርከቦች ከእንግሊዝ ወደቦች በገፍ ሲነሡ፣ ጆንሰን ለእንግሊዛዊ አንባቢ "ይህ አበሻ ልዑል አንተ ነህ፤ ጥያቄው ጥያቄህ ነው" እያለው ነበር። ወሬ ብቻም አልነበረም። ጃማይካ በባርነት የተወለደውን ፍራንሲስ ባርበርን አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ ሲሞት ዋና ወራሹ አድርጎታል።

አሁን የተማሪዬ ልጅ የምትጽፍላት ገጣሚ ላይ ደረስን፤ ፊሊስ ዊትሊ። በ1761 ሰባት ወይም ስምንት ዓመቷ ገደማ ሳለች ከምዕራብ አፍሪካ በመርከብ ተጭና ቦስተን ደረሰች። "ፊሊስ" ያመጣት መርከብ ስም ነው፤ "ዊትሊ" የገዟት ሰዎች ስም። የእናቷ ቤት ስሟን ማንም አልመዘገበውም። የቤቱ ሰዎች ማንበብ አስተማሯት፤ እሷም ፖፕን አነበበች፤ በፖፕ ደንብ፣ አሥር አሥር ቀለም፣ ሁለት ሁለቱ ቤት እየመታ፣ መጻፍ ጀመረች። መጽሐፏን ቦስተን የሚያትምላት ጠፋ። "ይህን ጥቁር ባሪያ ልትጽፈው አትችልም" ለሚል ተጠራጣሪ፣ 18 የቦስተን ታላላቅ ሰዎች ራሷ እንደጻፈችው ፈርመው መሰከሩ፤ ምስክርነቱም በ1773 ለንደን ላይ በታተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ገባ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ነፃ ወጣች።

እስቲ አስቡት። ይህች ልጅ "ደንቡን ጣይና ስሜትሽን ጻፊ" ብትባል ኖሮ ማን ያነብላት ነበር? ስሜቷን ማን ሰው ብሎ ይቆጥረዋል? ደንቡ ግን በጠራራ ፀሐይ የሚታይ ነው። ቀለሙ ይቆጠራል፤ ቤቱ ይመታል ወይ አይመታም። የከሳሾቿ ልጆች ኮሌጅ ገብተው የሚማሩትን እሷ በባርነት ቤት ተቀምጣ ሠራችው፤ ማንም አልሆነም ማለት አልቻለም። ዘር ለሌለው፣ ገንዘብ ለሌለው፣ ጤና ለሌለው ሰው በግልጽ የተጻፈ ደንብ በር ነው። ልማዱን ከቤቱ ይዞት የመጣ ባላባት ደንቡን ቢንቀው ምንም አይጎድልበትም። የሚጎዳው ከደጅ ያለው ነው።

ሚዛን ግን ይኑረን፤ ዘመኑን አላሞካሸውም። ራስላስ በታተመበት በ1759 ዮርክሸር ውስጥ ሄርዉድ ሀውስ የሚባለው ቤተ መንግሥት መሳይ ቤት ግንባታ ተጀመረ። ዓምዱ፣ ልኩ፣ የሮበርት አዳም የውስጥ ጌጡ ሁሉ ያምራል፤ የተሠራበት ገንዘብ ግን ካሪቢያን ባሪያዎች ካለሙት ስኳር የመጣ ነው። በ1787 የሸክላው ጌታ ጆሳያ ዌጅዉድ በጥንቱ አሠራር አምሳል ፀረ ባርነት ሜዳሊያ አወጣ፤ በሰንሰለት የታሰረ ጥቁር ሰው ተንበርክኮ "እኔስ ሰው አይደለሁም ወይ" ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ልብ አንቀሳቅሷል። ነገር ግን ሰውየው ስም የለውም፤ ቆሞም አይደለም። "የሰው ልጅ በጠቅላላው" የሚለው ሐሳብ ጉልበቱም ድክመቱም እዚያ ሜዳሊያ ላይ ይታያል። ደንቡን ያሟላ ሁሉም አልገባም፤ ቶማስ ጄፈርሰን የዊትሊን ግጥም ሒስ እንኳ የማይገባው ብሎ አጣጥሎታል። ዊትሊ በ1784 ታኅሣሥ በድህነት ሞተች፤ ሠላሳዎቹን ገና መጀመሯ ነበር። በስምንት ቀን ልዩነት ጆንሰንም ሞተ፤ እሱ ዌስትሚኒስተር አቢ ተቀበረ፤ የእሷ መቃብር ምልክት የለውም።

ከዚያ ሮማንቲኮቹ መጡ፤ እነሱንም እወዳቸዋለሁ። የፖፕ አስመሳዮች ደንቡን ይዘው ነገሩን ስለጣሉት መታደስ ነበረበት። የኔ ጥፋት የዎርድስዎርዝን ክስ እንደ ፍርድ አድርጌ ማስተማሬ ነው። አንዱን ወገን ብቻ ሰምቼ ፈረድኩ፤ በፍርዱ ደግሞ አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ተቀጣች።

የኔ ልጅ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ግጥምሽ ያረጀ አልነበረም። ያረጀው ያን ቀን ሳላነብ የመለስኩልሽ መልስ ነው፤ ወረቀቱን በወጉ ሳላየው እንደሰጠሁሽ ዛሬ ልናገር። ይቅርታ አድርጊልኝ። ለልጅሽም ንገሪያት፦ እናትሽን ያስተማረው ሰውዬ ተሳስቶ ነበር በይ። አሁንም ወረቀቱ ካለ ላኪልኝ፤ ከሌለ ደግሞ ሁለት መስመር ብቻ ጻፊ፣ ቤት የሚመታ። በዚህኛው ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ።

ሌሎቻችሁም፣ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬያችሁ የሄዳችሁ ካላችሁ፣ ከታች ጻፉልኝ። አልቀየምም። እንዲያውም ዕዳዬን ባውቀው ደስ ይለኛል።