ባዶዋ ቅርፊት

የስንዴ ፍሬ የምታክለው ይህች ቡናማ ቅርፊት፣ አብረቅራቂዋ አረንጓዴ ዝንብ ክንፍ ስታወጣ ጥላት የሄደችው ናት። አየሩ ሞቅ ካለና ሬሳው ካልተሸፈነ ዝንቧ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ደርሳ ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍና ቁስል ላይ እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ የወጣው ትል ሁለት ጊዜ ቆዳውን ቀይሮ፣ ከጠገበ በኋላ ሬሳውን ትቶ አፈር ውስጥ ይገባል፤ እዚያም በዚህች ቅርፊት ውስጥ ሆኖ ወደ ዝንብነት ይለወጣል። ስለዚህ በዙሪያው ያለውን አፈር ያልፈተሸ መርማሪ ዋናውን ምስክር ጥሎ ሄዷል ማለት ነው።

ከትሉ ዕድሜ ተነስቶ ሰውየው ከሞተ ቢያንስ ስንት ቀን እንደሆነው ይሰላል። ስሌቱ ግን ሙቀትን ይከተላል፦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጠው ከፍታ፣ ካዛንቺስ ላይ ያለ ትል ድሬዳዋ ካለው ዘግይቶ ያድጋል። የቆላ የትል ዕድገት ሠንጠረዥ እዚህ ያሳስታል።

ቅርፊቷ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ልትቆይ ትችላለች፤ ዓመተ ምሕረት ግን አትናገርም። በ1994 እ.ኤ.አ. የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ኮተቤ ላይ የደርግ ዘመን የጅምላ መቃብር ሲከፍት፣ የሟቾቹን አሟሟት የመሰከረው አንገታቸው ላይ የቀረው የናይለን ገመድ ነበር። ከቀይ ሽብር መቃብሮች የወጡ አፅሞች እዚሁ ቂርቆስ፣ መስቀል አደባባይ ባለው የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይታያሉ።