ጳጉሜን 4 ቀን፣ ከጧቱ 3 ሰዓት ከ9 ደቂቃ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምትኖሩ ወጣቶች፣ ጳጉሜን ስትገባ ሰፈራችሁ ምን ምን እንደሚሸት ታውቃላችሁ። ጌሾ ይወቀጣል፣ እንስራ ይታጠናል፣ ለእንቁጣጣሽ ጠላው ወይም ፋርሶው ይደርሳል። ለጎረቤት ሲቀዳ እርጉዟም አትቀርም፤ «ጠላ ምን ያደርጋታል?» ይባላል። ዓለም የዚህን ጥያቄ መልስ እንዴት እንዳገኘና ለምን ዘግይቶ እንደሰማ ላጫውታችሁ።

ጥርጣሬው የቆየ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 13 የሶምሶን እናት ከወይን ጠጅና ከሚያሰክር መጠጥ እንድትጠበቅ ታዝዛለች። ትእዛዙ የተሰጠው ስለ ናዝራዊነት እንጂ ስለ ሕክምና አይደለም፤ ሆኖም የእናቲቱ ጽዋና የልጁ ሕይወት አብረው ተነስተዋል። እ.ኤ.አ. በ1726 የለንደን ሐኪሞች ኮሌጅ፣ ጂን የተባለው አረቄ ደካማና በሽተኛ ልጆች እያስወለደ መሆኑን ለፓርላማ አመለከተ። በ1899 ደግሞ ዊሊያም ሱሊቫን የተባለ የሊቨርፑል እስር ቤት ሐኪም 120 ጠጪ ሴቶችን ከማይጠጡ ዘመዶቻቸው ጋር አነጻጸረ። ከጠጪዎቹ ሞተው የሚወለዱና በሕፃንነታቸው የሚሞቱ ልጆች ከሁለት እጥፍ በላይ ነበሩ። ከእነዚሁ ሴቶች መካከል ግን እርግዝናቸውን በእስር፣ ያለ መጠጥ ያሳለፉት ጤነኛ ልጅ የወለዱበት ጊዜ ነበር። ማስረጃው ይህን ያህል ግልጽ ነበር። ብዙዎች ግን ነገሩን የእናትየዋ የባሕርይ ጉድለት አድርገው ቆጠሩትና ተረሳ።

በ1968 ፖል ሌሞይን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በናንት ከተማ ስላያቸው 127 ልጆች ጻፈ። በ1973 ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ በአሜሪካዋ ሲያትል ለጉዳቱ ስም ሰጡት። መጠጡ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ደም ያልፋል፤ ያልጠነከረው የጽንስ ጉበት ሊያጣራው አይችልም። አንጎል ደግሞ በዘጠኙም ወር እየተሠራ ነው። ስለዚህ ለእርጉዝ «ይህን ያህል ቢጠጣ አይጎዳም» የሚባል መጠን አልተገኘም። ከተጎዱት ብዙዎቹ በመልካቸው ምንም ምልክት የላቸውም፤ የሚረሱ፣ የሚቸኩሉ፣ ትምህርት የሚከብዳቸው ልጆች ናቸው።

ታሪኩን የለወጡት ሐኪሞች ብቻ አልነበሩም። እንዲህ ያሉ ልጆችን በማደጎ ያሳደጉ የካናዳና የአሜሪካ ወላጆች በኢንተርኔት ተገናኙና አንድ ቀን መረጡ፦ ዘጠነኛው ወር፣ ዘጠነኛው ቀን፣ 1999። ቁጥሩ የዘጠኙን ወር እርግዝና ያስታውሳል። በየአገሩ ከጧቱ 3 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ደወል ተደወለ፣ ሰዎችም ለአንድ ደቂቃ አሰቡ። ቀኑ በእኛ ጳጉሜን 4 ቀን 1991 ዓ.ም. ነበር።

ቀጥሎም ልጆቹ አድገው ራሳቸው ተናገሩ። ማይልስ ሂመልራይክና ባልደረቦቹ ከጉዳቱ ጋር የሚኖሩ ናቸው። እንደ እነሱ ያሉ ከ500 በላይ አዋቂዎችን ስለ ጤናቸው ጠይቀው፣ ውጤቱን በ2017 በቫንኩቨር ለተሰበሰቡ ባለሙያዎች አቀረቡ። ሲጠኑ የኖሩት አጥኚ ሆኑ።

በእኛም አገር ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። በቤት የሚጠመቀው ጠላ ግን ማስታወቂያ አያስፈልገውም። እሱ ጋ የሚደርሰው የእናንተ ቃል ነው።

«እኛ አንጠጣም» ብላችሁ እንዳታልፉት። አንድ ጊዜ በእሑድ ትምህርት፣ ቃል በቃል ያስጠናሁትን ጥቅስ በሳምንቱ የረሳ ልጅ በክፍሉ ፊት ገሠጽሁ። ለምን እንደረሳ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ልጠይቅም አልሞከርሁም። ይህን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ግን «ሰነፍ» የሚለው ቃል ከአፌ ሳይወጣ ይያዘኛል። ጉዳቱ አይጠፋም፤ ነገር ግን ቀድሞ የተረዳውና የታገሠው ሰው ያገኘ ልጅ ብዙ ይሻላል።

ስለዚህ በመጪው ጳጉሜን 4 ቀን፣ ከጧቱ 3 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ፣ አንዲት ደቂቃ ዝም በሉ። ከዚያ ለእርጉዝ እህታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ በአክብሮት ንገሯት፤ ባሏንም ጭምር፣ በቤት ያለ ጽዋ የሁለቱም ነውና። ሳታውቅ የጠጣች ብትሆን አትውቀሷት፤ ዛሬ ማቆሙም ለልጇ እንደሚጠቅም ንገሯት። በወቀሳ የተነገረ እውነት ለብዙ ዘመን እንዴት እንደተረሳ አይታችኋል።