ያልተማረ የሚባለው ማን ነው?

ከላሊበላ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለችውን ፍልፍሏን ቤተ ክርስቲያን ገነተ ማርያምን ያሠራት ይኩኖ አምላክ (እ.ኤ.አ. 1270–1285) መሆኑን በራሷ ግድግዳ ላይ ያለው ጽሑፍ ይናገራል፤ የንጉሡ ሥዕልም አብሮ አለ። ጎብኚ የሚያየው ሥዕሉንና ዓለቱን ነው። በእነዚህ ግድግዳዎች መሐል ሲቀደስና ሲዘመር የኖረው ግን በአብዛኛው በሰው ልብ ተይዞ የመጣ ነው። አንድ ዳዊት ለመጻፍ ብዙ ቆዳና የወራት ድካም ይጠይቅ ስለነበር ብራና ለእያንዳንዱ ልጅ አይደርስም። ልጁ ቀን ፊደል ሲቆጥር፣ ንባብ ሲወርድ ይውልና ሲመሽ መጽሐፍም መብራትም ወደማያስፈልገው የቃል ትምህርት ይገባል፤ ውዳሴ ማርያሙን መምህሩ ሲሉለት እየተቀበለ ያጠናል። የገፋበት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻውም ነበር፤ ጎረቤት ዋድላ የራሱ የቅኔ መንገድ ያለው አገር ነው፣ በቅዳሴ ዜማም የሰላልኩላ ስም ከደብረ ዓባይ ጋር ተያይዞ ይጠራል።

ይህ የድሮ ልማድ በስተርጅና ከሚመጣው የመርሳት በሽታ ጋር ምን አገናኘው? ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሊታረሙ የሚችሉ 14 የስጋት ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ ከሕመሙ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። ከእነዚህ አንዱ በልጅነት ትምህርት ማጣት ነው። እንግዲህ የክፍል ቁጥር ብቻ የሚጠይቅ መጠይቅ ይዞ ገነተ ማርያም ወዳለችበት ላስታ የወጣ ሰው፣ ድጓ ሲያዜሙ የኖሩትን መሪጌታ «ያልተማሩ» ብሎ መመዝገቡ ነው። የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው፤ የአካባቢውን የትምህርት ታሪክ ሳያውቁ የአካባቢውን ስጋት መለካት አይቻልም።

የበሽታው ታሪክ ራሱ ለዚህ ይረዳል። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ያቀረበው ጉዳይ በ51 ዓመቷ ሆስፒታል የገባች ሴት ጉዳይ ነበር። ስትሞት አንጎሏ ሟሽሾ፣ በሕዋሳቱ መካከል ዛሬ አሚሎይድ የምንለው ፕሮቲን ተጠራቅሞ፣ በሕዋሳቱ ውስጥም ታው የተባለው ክር ተቋጥሮ ተገኘ። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚታየው አዲስ ትውስታ በሚያዝበት የአንጎል ክፍል ነው፤ ለዚህ ነው በሽተኛው የዛሬ ጠዋቱን እየረሳ፣ አንድ ጥያቄ እየደጋገመ፣ የልጅነቱን ግን አሳምሮ የሚያወራው። ቆይቶ የለመደው መንገድ ይጠፋበታል። ነገር ግን የጉዳቱ መጠንና የምልክቱ ክብደት ሁልጊዜ እኩል አይሄዱም። ዴቪድ ስኖውደን በአሜሪካ መነኮሳይያት ላይ ባደረገው ጥናት፣ አንጎላቸው በበሽታው ምልክት ተሞልቶ ሳለ እስከ ሞት አእምሯቸው የነቃ ሴቶች ተገኝተዋል። ለዚህ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ በረጅም ዘመን ትምህርትና ሥራ የሚከማች የአእምሮ ስንቅ አለ የሚል ነው።

የቃል ጥናት ድግግሞሽ እንጂ ማሰብ አይደለም የሚል ይኖራል። ቅኔ ቤትን ያላየ ሰው ክርክር ነው። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ሲደርስ በየጊዜው አዲስ ይቆጥራል፤ የትናንቱን ይዞ ቢቀርብ አያስመሰግነውም። ለጥናቱም ቢሆን ማስረጃ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ቬዳን በቃላቸው በሚያዘልቁ 21 ሕንዳውያን ካህናት አንጎል ላይ፣ ከትውስታ ጋር በተያያዙ ክፍሎች ጭምር፣ ልዩነት አሳይቷል። በእርግጥ ይህ ከበሽታው ያድናል ማለት አይደለም። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከናይጄሪያ ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት የኢባዳን አረጋውያን በዓመት ለመርሳት ሕመም የሚጋለጡበት መጠን 1.35 በመቶ ሲሆን፣ የኢንዲያናፖሊስ ጥቁር አሜሪካውያን ግን 3.24 ነበር። ዘመናዊ ትምህርቱ ያነሰው ኢባዳን ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ትምህርት ብቻውን ዕጣ እንደማይወስን እቀበላለሁ፤ የደም ግፊቱ፣ ስኳሩ፣ ቅባቱም አለ። ይህ ግን በትክክል የመመዝገብን አስፈላጊነት ያጠብቀዋል እንጂ አያላላውም።

የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት እያመሰገንኩ እዚህ ብቆም ግን ታሪኩን በግማሽ መተረክ ይሆንብኛል፤ ዜማ ቤቱና ቅኔ ቤቱ በአብዛኛው የወንዶች ነበሩ። ሴቷ የቀረችው ምድጃው ዘንድ ነው። የአየር ብክለትና የዓይን ማጣት ከ14ቱ ምክንያቶች ውስጥ ናቸው፤ የማገዶ ጭስ በቤት ውስጥ፣ ትራኮማ ደግሞ ክፉኛ በተስፋፋበት በአማራ ክልል፣ ሁለቱም ይበልጥ የሚበረቱት በሴቶች ላይ ነው። ስለዚህ «አልተማሩም» የሚለው አንድ ቃል በመሪጌታው ላይ ሲሳሳት፣ በባለቤታቸው ላይ ደግሞ የተደራረበውን ስጋት ይሸፍናል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ከወሰደ በኋላ የጉባኤ ቤቶቹ መተዳደሪያ ስለተናጋ፣ ከዚያ ወዲህ ያደጉትን ወንዶችም ከአባቶቻቸው ጋር በአንድ መደብ ማስገባት አይገባም።

መመርመሪያውም መታረም አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በዓለም የተሠራጨው አጭር የአእምሮ ፈተና ቀኑን፣ ወቅቱንና ያሉበትን ፎቅ ይጠይቃል። ለቀኑ «ዛሬ ማርያም ናት» ያሉ የገነተ ማርያም አዛውንት 21 ማለታቸው ነውና ሙሉ ነጥብ ይገባቸዋል፤ የፎቁን ጥያቄ ግን ቢተዉት ይሻላል። በተቃራኒው፣ ወረቡን ሳያጓድሉ መዘመራቸው ጤንነታቸውን አያረጋግጥም፤ ዜማ ከሌላው ትውስታ ዘግይቶ ሊሄድ ስለሚችል በሽታውን ለዓመታት ሊደብቅ ይችላል። መዝጋቢው ከክፍል ቁጥሩ ሌላ ዳዊት ደግመው እንደሆነ፣ ከዚያም በየትኛው ጉባኤ ስንት ዓመት እንደቆዩ ይጠይቅ፤ ባለቤታቸውን ደግሞ ስንት ዓመት ጭስ ላይ እንደጋገሩና ዓይናቸው መቼ መድከም እንደጀመረ።