ስለ ቨርቹዋል ሜሞሪ ጥንተ ነገርና ስለ ቀርፋፋው የቤት ኮምፒውተር

በቤቱ ኮምፒውተር ደብዳቤ ለመጻፍ ወይም ፎቶግራፍ ለመመልከት የተቀመጠ ሰው፣ መሣሪያው በድንገት ደንዝዞ አልታዘዝ ሲለው፣ የሃርድ ዲስኩ መብራት ያለ ዕረፍት ሲብለጨለጭና ከሆዱ የመፋተግ ድምፅ ሲሰማ፣ በመጨረሻም ቨርቹዋል ሜሞሪ ማነሱን የሚያስታውቅ ጽሑፍ በስክሪኑ ጥግ ብቅ ሲል፣ ደዌው የእርሱን ኮምፒውተር ብቻ ለይቶ የያዘ ይመስለዋል። ነገር ግን ይህ ደዌ ከቤት ኮምፒውተሮች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ጠንቁንም መድኃኒቱንም ሊቃውንቱ ገና በ1960ዎቹ መርምረው የደረሱበት አሮጌ ነገር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ነገሩ የሚጀምረው በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ ፍሬዲ ዊሊያምስ፣ ቶም ኪልበርንና ጄፍ ቱቲል የሠሩት፣ «ቤቢ» የተባለው የሙከራ ኮምፒውተር፣ በሰኔ ወር 1948 ፕሮግራሙን በገዛ ማኅደረ ትውስታው ይዞ በመሥራት የመጀመሪያው ሲሆን፣ ያ ማኅደር እያንዳንዳቸው 32 ቢት የሆኑ 32 ቃላትን ብቻ የሚይዝ እጅግ ጠባብ ነበር። ከዚያ በኋላ ፈጣኑ ማኅደር ከጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች እየተሠራ ቢሰፋም ዋጋው የማይቀመስ ስለ ነበረ፣ ከጎኑ ርካሽ ነገር ግን ዝግተኛ የሆነ፣ እየተሽከረከረ የሚሠራ የማግኔት ከበሮ ይቆም ነበር። ታዲያ ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው ሥራውን በክፍል በክፍል ቆራርጦ፣ የትኛው ክፍል መቼ ከከበሮው ወደ ፈጣኑ ማኅደር እንዲገባ፣ የትኛውስ ስፍራውን ለቆ እንዲወጣ አስቀድሞ መደንገግ ነበረበት፤ በዚህም ምክንያት ከሒሳቡ ድካም ይልቅ የማመላለሱ ድካም የሚበዛበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ኪልበርንና ባልደረቦቹ ይህን ቀንበር ከፕሮግራም ጸሐፊው ጫንቃ አውርደው በመሣሪያው ላይ ለመጫን አሰቡ። ከፌራንቲ ኩባንያ ጋር ተባብረው የሠሩት አትላስ የተባለው ኮምፒውተር ታኅሣሥ 7 ቀን 1962 ሲመረቅ፣ የቀለበቱ ማኅደር 16,384 ቃላት፣ ከበሮዎቹ ደግሞ 98,304 ቃላት ይይዙ ነበር፤ ተጠቃሚው ግን ሁለቱን እንደ አንድ ሰፊ ማኅደር እንዲያያቸው ተደርጎ ነበር፤ ቨርቹዋል ሜሞሪ የሚባለውም ይኸው ነው። ምሥጢሩም ይህ ነው፦ ማኅደሩ እያንዳንዳቸው 512 ቃላት ወደሚይዙ ገጾች ተከፈለ፤ በፈጣኑ ማኅደር ውስጥ ለሚገኙት 32 ገጾች ለየአንዳንዱ የማንነቱ መዝገብ ተሠራለት፤ ፕሮግራሙ በዚያ የሌለ ገጽ ሲጠራ መሣሪያው ሥራውን አቁሞ፣ የተፈለገውን ከከበሮው ካስመጣ በኋላ ካቆመበት ይቀጥላል። ለአዲሱ እንግዳ ስፍራ የሚለቀውን ገጽ ለመምረጥም፣ የገጾቹን ያለፈ አጠቃቀም እየተከታተለ ወደፊት ለረጅም ጊዜ የማይፈለገውን የሚገምት ፕሮግራም ተጻፈ። በጀርመን አገር በበርሊን ፍሪትስ ሩዶልፍ ጉንች ከዚህ በፊት በ1950ዎቹ ተመሳሳይ አሳብ በጽሑፍ አቅርቦ እንደ ነበረ ሳይነገር መቅረት የለበትም፤ ይሁን እንጂ አሳቡን በሥራ ላይ አውሎ ለዓለም ያሳየው የማንቸስተሩ መሣሪያ ነው።

ይህ ጥበብ ግን ከበረከቱ ጋር መርገሙን ይዞ መጣ። በአንድ ኮምፒውተር ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ እንዲገለገሉ በተደረገበት በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ የፕሮግራሞቹ ቁጥር ሲጨመር ሥራው እየፈጠነ ሄዶ ሄዶ፣ ከአንድ ወሰን ሲያልፍ በድንገት ወደ ጥልቅ ወድቆ እንደሚቆም መሐንዲሶቹ ተመለከቱ፤ ይህንንም «ትራሺንግ» አሉት። አትሮንሱ አንድ መጽሐፍ ብቻ የሚችልበት፣ የቀሩት መጻሕፍት በዕቃ ቤት የተቆለፉበት ደብር ቢኖር፣ መሪጌታው ከአንዱ መጽሐፍ አንድ መስመር፣ ከሌላው አንድ መስመር እንዲነበብለት ቢያዝ፣ ዲያቆኑ ሌሊቱን በሙሉ ሲመላለስ ያድራል እንጂ ማኅሌቱ አይቆምም፤ በኮምፒውተሩም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ማሽኑ ሥራ ፈት አልነበረም፤ ሥራው ሁሉ ገጽ ማመላለስ ሆኖበት ነበር እንጂ።

የዚህን ደዌ ጠንቅ ለይቶ ያወቀው በኤም አይ ቲ የተማረው ፒተር ዴኒንግ ነው። ዴኒንግ በ1968 ባሳተማቸው ሁለት ጽሑፎች፣ ማናቸውም ፕሮግራም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚነካቸው ገጾች ከጠቅላላው ጥቂቶቹ ብቻ እንደ ሆኑ፣ እነዚያ ጥቂቶች ግን ሳይጓደሉ በፈጣኑ ማኅደር መገኘት እንዳለባቸው፣ ስለዚህም የፕሮግራሞቹ የዕለት ፍላጎት ሲደመር ከማኅደሩ ስፋት የሚበልጥ ከሆነ አዲሱን ማስገባት ቀርቶ ከገቡትም አንዱን ማስቆም እንደሚገባ አስረዳ። በእኔ አስተያየት ስለ ቀርፋፋ ኮምፒውተር ከዚያ ወዲህ ከተነገረው ነገር ሁሉ የዚህን ያህል ቁም ነገር ያለው ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ጥበቡ በፍጥነት ተዛመተ። አይ ቢ ኤም በ1972 በትልልቆቹ ማሽኖች ላይ አዋለው፤ ኢንቴል በ1985 ባወጣው 80386 በተባለው ፕሮሰሰር ላይ 4,096 ባይት የሆኑ ገጾችን አስገባ፤ በ1990 የወጣው ዊንዶውስ 3.0 በዚሁ ፕሮሰሰር ኃይል ሃርድ ዲስክን እንደ ማኅደር ማስቆጠር ጀመረ። በዚህ ዓይነት የአትላስ ከበሮ ስሙን ለውጦ፣ ፔጅ ፋይል ተብሎ በየሰው ቤት ገባ።

ደዌውም አብሮ ገባ። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ቢያንስ 64፣ ቢመረጥ 128 ሜጋባይት ራም የተባለው ፈጣን ማኅደር ይበቃኛል ቢልም፣ ባለቤቱ ፀረ ቫይረሱን፣ የኢንተርኔት ማሰሻውንና የሙዚቃ ማጫወቻውን በአንድነት ሲከፍት ያ ማኅደር አልበቃ አለ። በዚያን ጊዜ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ምክር ፔጅ ፋይሉን የራሙን አንድ ተኩል እጥፍ ማድረግ ነበረ፤ አንዳንዱም ፈጽሞ እንዲያጠፉት ይመክር ነበር፤ ይህ ሁለተኛው ግን ማኅደሩ ሲያልቅ ለፕሮግራሞቹ መጠጊያ የሚያሳጣ የከፋ ምክር ነው። የመጀመሪያውም ቢሆን ሁለት ደዌዎችን አንድ አድርጎ የሚያክም ነው። የማስጠንቀቂያው ጽሑፍ የሚመጣው ራሙና ፔጅ ፋይሉ ተደምረው ለፕሮግራሞች ቃል ሊገባ የሚችለው ቦታ ሲያልቅ ስለ ሆነ፣ ፋይሉ ሲሰፋ ጽሑፉ ይጠፋል፤ ዝግታው ግን የሚመጣው ከራም ማነስ ነውና ባለበት ይቀራል። ራም የተጠየቀውን ከ100 ናኖ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሲያቀርብ፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታልና፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከመቶ ሺህ እጥፍ ያላነሰ ነው፤ ይህንንም ፋይል በማስፋት መሙላት አይቻልም።

ይህ ታሪክ አማርኛ ጸሐፊዎችንም ነክቶናል። ንያላ የተባለውን የግእዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ የመጣው፣ በጥር 2007 ለሕዝብ የተሸጠው ዊንዶውስ ቪስታ፣ ለዋናዎቹ ዕትሞቹ 1 ጊጋባይት ራም የሚጠይቅ ነበርና፣ ፊደላችን ከሥርዓቱ ጋር አብሮ በመጣልን ጊዜ የብዙዎቻችን አሮጌ ኮምፒውተር ሊሸከመው የማይችል ሆኖ አገኘነው። ቪስታ በዩኤስቢ የሚሰካ ፍላሽን ለማኅደር ረዳት የማድረግ ዘዴም ይዞ ነበር፤ ጥቅሙ ግን ራምን የሚተካ አልነበረም።

ዛሬ የማይሽከረከረው ኤስ ኤስ ዲ የተባለው ዲስክ ከሃርድ ዲስክ እጅግ ስለሚፈጥን የመፋተጉ ድምፅ ጠፍቶአል፤ እርሱም ቢሆን ከራም ጋር ሲነጻጸር ዝግተኛ ነውና ደዌውን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ስለዚህ ኮምፒውተርህ የተንቀራፈፈብህ አንባቢ ሆይ፣ የፔጅ ፋይሉን መጠን ሥርዓቱ ራሱ እንዲወስን ተውለትና ታስክ ማናጀሩን ክፈት፤ ማኅደሩን የያዘው የትኛው ፕሮግራም እንደ ሆነ ተመልከት። አንዱ ፕሮግራም ምንም ሳትሠራበት ከሰዓት ወደ ሰዓት እያበጠ የሚሄድ ከሆነ የወሰደውን የማይመልስ ነውና ዝጋው፣ አዲስ ዕትም ካለውም ቀይረው፤ ሁሉም በልክ ሆነው ድምራቸው ከበለጠ ግን ለሥራህ የማያስፈልጉህን አስወጣ፤ ሁሉም የግድ ካስፈለጉህ ራም ግዛ።