ለ107 ስም ማውጣት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለቁጥር ግን ስም የሚያወጣለት ፕሮግራመሩ ነው፤ ካላወጣለት ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው።

ኤምፒዩ-6050 የምትባለውን እንቅስቃሴ የምትለካ ትንሽ ቺፕ እንውሰድ። አድራሻዋ ብዙውን ጊዜ 104 ነው። ኤሌክትሪክ ሲደርሳት እንቅልፍ ላይ ናት፤ የምትነቃው ሬጅስተር 107 ላይ ዜሮ ሲጻፍ ነው። እነዚህን ቁጥሮች የወሰናቸው አምራቹ ነው፣ አይለወጡም። ተሳስተን 106 ብንል ኮዳችን ያለ አንዳች ቅሬታ ይሠራል፤ ቺፗ ግን እንቅልፏን ትለጥጣለች። በሲ ቋንቋ ድራይቨር የሚጽፉ ሰዎች ከድሮም ጀምሮ ቁጥሩን ፋይሉ አናት ላይ አንዴ ሰይመው በስሙ ብቻ የሚጠሩት ለዚህ ነው።

ጃቫስክሪፕት ግን ለዚህ ሥራ አልተወለደም። ብሬንዳን አይክ በ1995 እ.ኤ.አ. ኔትስኬፕ ውስጥ በ10 ቀን ሲሠራው ያሰበው ድረ ገጽን ነበር። በ1997 የወጣው የመጀመሪያው ስታንዳርድ «ኮንስት» እና «ክላስ» የሚሉትን ቃላት ለወደፊት ብሎ አስቀመጣቸው እንጂ ሥራ አልሰጣቸውም። ስለዚህ ስሙን በትልልቅ ፊደል መጻፍ ልማድ ሆነ። ትርጉሙ «እባካችሁ አትንኩት» ነው፤ ልመና እንጂ ቁልፍ አይደለም።

በ2013 ጎርደን ዊልያምስ ለኤስፕሩይኖ በኪክስታርተር ገንዘብ አሰባሰበና ጃቫስክሪፕት 48 ኪሎባይት ራም ባላት ቦርድ ላይ ወጣ። ያኔ ልመናው አሳሳቢ ሆነ። እንዲህ ባለ ጠባብ ቤት ውስጥ አንዱን ቁጥር ለእያንዳንዱ ሴንሰር ደጋግሞ መያዝም ብክነት ነው።

በ2015 ኮንስት እና ክላስ አብረው ስታንዳርዱ ውስጥ ገቡ፤ ግን አልተጋቡም። ክላስ ውስጥ ኮንስት ማወጅ አይቻልም። ድራይቨር ጸሐፊው ቁጥሮቹን ከክላሱ ውጭ ያስቀምጣል፣ ወይም «ስታቲክ ጌት» በሚባል ዘዴ ዞሮ ይገባል። «ስታቲክ» መስክ በስታንዳርዱ የጸደቀው በ2022 ነው። ከዚያ ወዲህ 107 በክላሱ ውስጥ አንዴ ተጽፎ ሁሉም ሴንሰሮች ይጋሩታል።

ታዲያ ተጠናቀቀ? አልተጠናቀቀም። ስታቲክ የሚለን ቁጥሩ የክላሱ መሆኑን ነው እንጂ አለመለወጡን አይደለም። ሌላ መስመር መጥቶ 107ን 106 ቢያደርገው ማንም አይከለክለውም። የሚከለክለው ከ2009 ጀምሮ ያለው «ኦብጀክት ፍሪዝ» ነው፤ እሱን ደግሞ እኛው ካልጠራነው በራሱ አይመጣም።

ከ1995 እስከ 2022 ድረስ 27 ዓመት መሆኑ ነው። ስም ማውጫ ቦታውን አግኝተናል፤ መቆለፉ ግን ዛሬም የእኛው ሥራ ነው።