ሐይቅ ላይ የተወለደችው «ኢትዮጵያ» መርከብ

ሰማዩ በጠራ ቀን ከአሰላ ከፍ ብሎ ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው የዝዋይን ሐይቅ ያያል። እኛ የአርሲ ደገኞች ሰፊ ውሃ የምናውቀው ከዚያ ነው። የጭላሎና የጋለማ ዝናብ በቀታር ወንዝ ወርዶ የሚገባውም እዚያው ነው። የቱሉ ጉዶና የሌሎቹ ደሴቶች ነዋሪ የሆኑት ዘዮች ከጥንት ጀምሮ በታንኳ ሲመላለሱበት ኖረዋል። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ እንኳ ከ9 ሜትር ብዙም አያልፍም። ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ አጭርና ተደራራቢ ስለሚሆን ትንሽ ታንኳ ፋታ አታገኝም።

እኔ ዕድሜዬን የሰጠሁት ለሌላ ውሃ ነው። ምጽዋ በባሕር ኃይል ሳገለግል «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ላይ መሪ ይዣለሁ። እንደ እሷ ያለች መርከብ ወድጄ አላውቅም።

«ኢትዮጵያ» የተሠራችው ሐይቅ ዳር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ፣ በዋሽንግተን ሐይቅ። መስከረም 1935 ዓ.ም. ውሃ ስትነካ ስሟ «ኦርካ» ነበር። ሥራዋ ውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና ማቅረብ ነበርና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስከ ፊሊፒንስ ዘለቀች። በ1954 ዓ.ም. ለአገራችን ተሰጠች። ርዝመቷ 95 ሜትር፣ ወርዷ 12 ሜትር ተኩል ገደማ ነበር። በናፍጣ ሞተርና በሁለት ፕሮፔለር እየተነዳች እስከ 18 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ትሄድ ነበር። ከባሕር ኃይላችን መርከቦች ትልቋ እሷ ነበረች፤ ማሠልጠኛችንም እሷው።

ወደብ ላይ ያያት ሁሉ ቁመናዋን ያደንቅ ነበር። ጠባይዋ የሚታወቀው ግን ባሕሩ ሲቆጣ ነው። በክረምት የሚነፍሰው የሰሜን ነፋስ በበጋ ወራት ደቡባዊ ቀይ ባሕር ላይ ይገለበጥና ከባብ ኤል መንደብ በኩል ይመጣል። ያኔ ከምጽዋ ወደ አሰብ የሚጓዝ መርከብ ሞገዱን ፊት ለፊት ይቀበላል። «ኢትዮጵያ» ረጅም ስለነበረች የሞገዱ አጭርነት ይጠቅማት ነበር፤ አንዱ ሞገድ አፍንጫዋን ሳይለቅ ሌላው ወገቧን ይደግፋታል። ፍጥነት ቀነስ ከተደረገላት ውሃውን እየሰነጠቀች ታልፋለች።

የሚፈትናት የጎን ሞገድ ነው። ጥልቀት ወደሌላቸው ወደቦች እንድትገባ ታስባ ስለተሠራች ከውሃ በታች ያላት አካል 4 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከጎን የመጣባት እንደሆነ ግራና ቀኝ ትወዛወዛለች። መድኃኒቱ አፍንጫዋን ጥቂት ወደ ሞገዱ ማዞር ነው። ከኋላ የሚመጣው ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኋላዋ ብድግ ሲል መሪው በእጅ ላይ ድንገት ይቀላል፤ አፍንጫዋም ወደ አንድ ወገን መሄድ ይጀምራል። ከመዞሯ በፊት በተቃራኒው ትንሽ መሪ ሰጥቶ ወዲያው መመለስ ያስፈልጋል። የዘገየ መሪ ያዥ የመርከቧን ጎን ለሞገዱ ይሰጣል።

ይህን የተማሩት አብዛኞቹ ባልደረቦቼ እንደ እኔ ከደጋ የወረዱ ልጆች ነበሩ። የካቲት 1982 ዓ.ም. ግን ምጽዋ በጦርነቱ ከእጃችን ወጣች። ግንቦት 1983 ዓ.ም. መርከቧ ወደ የመን ተሻገረች፤ በመጨረሻም ለቁራጭ ብረት ተሸጠች። ብረቷ ቢሸጥም በሠራተኞቿ እጅ የገባው ሙያ አልተሸጠም።

ዛሬ ባሕር ኃይላችን እንደገና ተቋቁሟል፤ ዋና መምሪያው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር እንደሚሆን ተዘግቦ ነበር። ሐይቅ ላይ የተወለደች መርከብ ውቅያኖስ ከተሻገረች፣ ሐይቅ ዳር የሚሠለጥን ወጣትም ባሕር መልመድ አያቅተውም። እሷን የነዱ ሰዎች ግን አርጅተዋል። ነፋሱንና ሞገዱን፣ መሪ የተሰጠበትንና የተመለሰበትን ቅጽበት ከአፋቸው ተቀብሎ መመዝገብ የሚገባው አሁን፣ እነሱ በሕይወት ሳሉ ነው። እኔ የማውቀውን መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ የአሰላም ሆነ የአስመራ፣ የቀድሞ ጓዶቼ ሁሉ እንዲጽፉ እለምናለሁ።